አንድ ጊዜ ደግመሽ ጠይቂ፣ ከዚያ እለፊ

ጥቅምት 9፣ ሰኞ

ሥልጠናው ዛሬ አለቀ። ከነገ ጀምሮ ስልክ መደወል ነው። ወረርሽኙ ከገባ ወዲህ የጥናት ድርጅቱ ጠያቂዎች በሙሉ የምንሠራው ከየቤታችን ስለሆነ መኝታ ቤቴን ቢሮ አድርጌዋለሁ። ጠረጴዛዬ የእማዬ የልብስ ስፌት መኪና ነው፤ ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቅያለሁ።

ርእሱ ጉንፋን ነው። ዓለም በትልቁ በሽታ ተይዛ ሳለች እኛ ስለ ትንሹ እንጠይቃለን። «የዘንድሮውን የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ለመውሰድ ምን ያህል አስበዋል?» መልሱ ከአንድ እስከ አምስት ነው፤ አንድ «በእርግጠኝነት እወስዳለሁ»፣ አምስት «በፍጹም አልወስድም»። አላውቅም ያለ ሰው ዘጠኝ ተብሎ ይመዘገባል። ዘጠኝ ያለውን አንድ ጊዜ ደግመን እንጠይቃለን፣ ከዚያ እናልፋለን። አንመክርም፣ አንከራከርም፣ «ጎሽ» እንኳ አንልም። «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ካሉን መልሱ ተጽፎ ተሰጥቶናል፤ «የምንፈልገው የእርስዎን አስተያየት ነው።»

ሥራው በልኬ የተሰፋ ነው። ሰው መምከር ካቆምኩ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው።

ጥቅምት 9፣ ማምሻውን

ከመጀመራችን በፊት እያንዳንዳችን ከቤተሰብ አንድ ሰው ጠይቀን የልምምድ ቅጂ መላክ ነበረብን። እኔ ያለኝ አባዬ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቷል፤ ጡረታ ሲወጣ ሳንባውን ጋራዡ ውስጥ ረስቶት የመጣ ይመስላል። አምስት ደረጃ ከወጣ ይቆማል። ቀኑን ሙሉ ሳሎን መስኮቱ ሥር ተቀምጦ የሚያልፉትን አውቶቡሶች በጆሮው ይፈትናል። «ይሄ ማርሽ ገዳይ ነው» ይላል። «ይሄኛው ደግሞ ፍሬኑን ሳይሆን እግዜርን ነው የሚያምነው።»

ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ጥያቄውን እንደተጻፈው አነበብኩለት።

«ምን ያህል አስበዋል? አንቱ ሆንኩ እንዴ?»

«አባዬ፣ እየተቀዳ ነው።»

«እሺ በቃ። እኔ እንጃ። አንቺ ምን ትያለሽ?»

«የምንፈልገው የእርስዎን አስተያየት ነው።»

«አላውቅማ።»

«ጥያቄውን ልድገምልዎት።» ደገምኩለት።

«አላውቅም አልኩ እኮ። አንቺ ካልሽ…»

«አመሰግናለሁ። ወደሚቀጥለው ጥያቄ እንለፍ።»

ዘጠኝ። ሲያልቅ ሁለታችንም ሳቅን፤ እሱ ሲስቅ ሳል ያዘው፣ የሚስበውን መድኃኒት አቀበልኩት። ቅጂውን ላክሁ።

ጥቅምት 11፣ ረቡዕ

ሠላሳ ስምንት ደወልኩ፣ አሥራ አራት ጨረስኩ።

ኮምፒዩተሩ የሚቀበለው ቁጥር ብቻ ነው፤ ንግግራቸውን እዚህ ላስቀምጠው። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር፦ «ጉንፋን እኮ ዘመድ ነው። በዓመት አንዴ መጥቶ ሳምንት ከርሞ ይሄዳል። ዘመድ በመርፌ ይባረራል?» አምስት። አንዲት ባለሱቅ፦ «እኔ ክንዴን ለትልቁ ነው ያስቀመጥኩት። የሱ ክትባት ሲመጣ ቦታ እንዳይጠፋ።» አራት። አንድ መምህር፦ «አምና ወስጄ በሦስተኛው ቀን ተኛሁ። መታመሙን ያለ መርፌም እችልበታለሁ።» አምስት። አንዲት ነርስ ሁለት ካለችኝ በኋላ ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ «እኔ ራሴ ገና አልወሰድኩም። ይሄን ግን አትጻፊው።» አልጻፍኩትም። እዚህ ጻፍኩት።

አንዲት አሮጊት ለሁሉም ጥያቄ «አዎ፣ አዎ የኔ ልጅ» አሉ። ሲያልቅ «ሌላ ጥያቄ የለሽም?» አሉኝ። ስልካቸው ከጠራ አሥራ አንድ ቀን ሆኖት ነበር።

ማንንም አላረምኩም። ዝም አይነቅዝም ይባላል።

ጥቅምት 17፣ ማክሰኞ

ተቆጣጣሪያችን ሳናውቅ መስመራችን ውስጥ እየገባች ታዳምጠናለች። «ጆሮ» ብለናታል፤ እሷ ግን ይሄን አልሰማችም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ዛሬ ደወለችልኝ። «ከመልሱ በኋላ ተንፍሰሻል።»

«ሰው አይተነፍስም እንዴ?»

«ሰውዬው ሰምቶ ሐሳቡን ቢቀይርስ? ውጤቱ ተበላሸ ማለት ነው።»

ከዛሬ ጀምሮ ማይክሮፎኑን ዘግቼ እተነፍሳለሁ።

ጥቅምት 20፣ አርብ

ወንድሜ ደወለ። ሌላ ከተማ ነው የሚኖረው፤ መንገዱ ከተዘጋ ሰባት ወር ሆነ፤ ስለዚህ የሚያዘው በስልክ ነው።

«አባዬን ያን የጉንፋን ክትባት አስከትቢው እንጂ። በዚያ ሳንባው ጉንፋንም ቀላል አይደለም።»

«ትልቅ ሰው ነው። ራሱ ይወስን።»

«ራሱ ምን ወስኖ ያውቃል? ካልሲውን እንኳ እማዬ ነበረች የምትመርጥለት።»

«እንግዲህ ይልመድ።»

«በእማዬ ጊዜ እንዲህ አላልሽም ነበር።»

ኔትወርኩ ተቋረጠ።

ጥቅምት 24፣ ማክሰኞ

ከቤታችን ሥር ያለው ፋርማሲስት ስገባ በጓንት እጁ ጠራኝ። ዘንድሮ ክትባቱ በጣም ትንሽ ነው የመጣው፤ ሰው በትልቁ ደንግጦ ትንሹንም እየጠየቀ ነው አለኝ። «ለአባትሽ አንዷን ማቀዝቀዣ ውስጥ ይዤላቸዋለሁ። እስከ አርብ ማታ። ከዚያ ወዲያ አልችልም፣ ወረፋ አለብኝ።»

«እኔስ?»

«አንቺ ጤነኛ ነሽ። ወረፋ ያዢ ካልሽ ልመዝግብሽ።»

ሌላ ጊዜ አልኩት። ላይ ወጥቼ ለአባዬ ነገርኩት።

«ፋርማሲስቱ ክትባት ይዤላቸዋለሁ ብሏል። እስከ አርብ።»

«እንዴ፣ ደግ ሰው ነው።»

«እንግዲህ እንዳሰብከው።»

«እሺ» አለ። ትንሽ አየኝ። «እስከ አርብ ነው ያልሽው?»

«እስከ አርብ።»

ከዚህ በላይ ምን ልበል። ተነግሮታል፣ ቀኑንም ያውቃል፣ አእምሮው ከእኔ የተሻለ ይሠራል።

ጥቅምት 26፣ ሐሙስ

ቢሮ ተጠራን፤ ከስንት ወር በኋላ። አሥራ ሁለት ሰው፣ አንድ ክፍል፣ መስኮቱ ግማሽ ብቻ የሚከፈት። አጠገቤ የተቀመጠችው ባልደረባዬ ማስኳን አገጯ ላይ አውርዳ አፍንጫዋን ታብሳለች። ወንበሬን ራቅ ሳደርግ አየችኝና ሳቀች፤ «አይዞሽ፣ ተመርምሬያለሁ፤ ትልቁ አይደለም። ጉንፋን ብቻ ነው።»

ጆሮ አዲስ ለተቀጠሩት «ገለልተኛነት ማለት ይሄ ነው» ብላ አንድ ቅጂ ከፈተች። የአባዬ ድምፅ ነው። «አንቺ ምን ትያለሽ?» ይላል። ከዚያ የኔ ድምፅ። ከዚያ «አንቺ ካልሽ…» ይላል። ከዚያ ደግሞ የኔ፣ እንደ አስፋልት የለሰለሰ፤ «አመሰግናለሁ። ወደሚቀጥለው ጥያቄ እንለፍ።» አጨበጨቡልኝ። ጆሮ «አየሽ፣ አባትሽ ሆነው እንኳ አልተነቃነቅሽም» አለችኝ።

ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ለአባዬ ምን እንደምለው ሳሰናዳ መጣሁ። ቤት ስገባ መስኮቱ ሥር ነበር። ቀና ብሎ አየኝ። «በላህ?» አልኩት። «በላሁ» አለ። በቃ፤ ያሰናዳሁት ሁሉ እዚያው ቀረ።

ጥቅምት 27፣ አርብ

ኮታ። አርባ ሦስት ጥሪ ዛሬ ካልወጣ ሰኞ ጥናቱ ይዘገያል። አንድ፣ አምስት፣ አምስት፣ ዘጠኝ፣ ሦስት። ከመኝታ ቤት አልወጣሁም ማለት ይቻላል። ፋርማሲ — ነገ በጠዋት።

ጥቅምት 28፣ ቅዳሜ

ፋርማሲስቱ ትከሻውን ሰበቀ። «እስከ ሁለት ሰዓት ማታ ጠበቅኩ። እርጉዝ ሴት መጣች፣ ሰጠኋት።» ሌላ መቼ ይመጣል? «ዘንድሮ? እንጃ።»

ደረጃውን ስወጣ ምን እንደተሰማኝ ልጻፈው፣ መቼም ደብተር አይመሰክርም። እፎይ ነው ያልኩት። ከእጄ ወጣ። ከእንግዲህ ውሰድም አትውሰድም የምለው ነገር የለም። አባዬን «አለቀ» አልኩት። «ይሁና» አለ፣ ወደ መስኮቱ ዞሮ።

ጥቅምት 30፣ ሰኞ

ጉሮሮዬን ይከረክረኛል። ከማውራት ነው። በቀን ይህን ሁሉ ሰዓት የሚለፈልፍ ሰው ጉሮሮው ቢያመው አይገርምም።

ኅዳር 2፣ ረቡዕ

ራሴን ያመኛል፣ አጥንቴ ተለያየ። አርብ ለት ወገቤ ሳይቀና ስለዋልኩ ነው። የድምፄ መጎርነን ለሥራው ጠቅሟል፤ ሰዎቹ አዝነውልኝ ስልኩን አይዘጉብኝም። አባዬ ሥራ ላይ ስሆን በር አያንኳኳም፤ ሻይ በማር አፍልቶ ደጃፉ ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ። ብርጭቆውን ጠጥቼ መለስኩለት፣ እሱም አለቅልቆ ለራሱ ቀዳበት።

ኅዳር 4፣ አርብ

አባዬ ሳለ። ሁልጊዜም ይስላል።

ኅዳር 6፣ እሑድ

ትኩሳት አለው። ሠላሳ ዘጠኝ። ትልቁ ነው ብዬ ደነገጥኩ። የምርመራው ድንኳን ጋ በታክሲ ወሰድኩት። አፍንጫው ውስጥ ያንን ቀጭን እንጨት ሲከቱበት እንደ ሕፃን እጄን ጨበጠ። ከሁለታችንም ናሙና ወሰዱ። ነገ በስልክ መልእክት ይመጣል።

ኅዳር 7፣ ሰኞ

አይደለም! ትልቁ አይደለም! የሁለታችንም ነጻ ነው። መልእክቱን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ አባዬን ግንባሩን ሳምኩት፣ ወንድሜ ጋ ደወልኩ።

«ጉንፋን ብቻ ነው!» አልኩት።

«ተመስገን» አለ። እሱም እኩል ጮኸ። ያን ሁሉ ሲጨቀጭቀኝ የከረመው ሰውዬ፣ እሱም «ተመስገን» አለ።

ሠላሳ አንድ ጥሪ ሠራሁ። እየሳቅሁ።

ኅዳር 9፣ ረቡዕ

ሾርባ መለሰ። አውቶቡሶቹን አይሰማም። መድኃኒቱን ስቦ ስቦ ጣሳው ባዶ ሆነ። ከንፈሩ — መብራቱ ነው ብዬ መጋረጃውን ከፈትኩ። መብራቱ አይደለም። ከንፈሩ ጠቁሯል።

ኅዳር 10፣ ሐሙስ

አምቡላንስ። አራት ፎቅ በወንበር ተሸክመው አወረዱት። በየበሩ ሰው ማስኩን እያጠበቀ ወደ ውስጥ ገባ። «ጉንፋን ነው፣ ጉንፋን ብቻ ነው» እያልኩ ወረድኩ፤ ማን ጠየቀኝ?

ሐኪሟ ከኔ በዕድሜ ታንሳለች፣ ዐይኗ ግን ያረጀ ነው። በድጋሚ መረመሩት። ኢንፍሉዌንዛ ነው፣ ሳንባው ውስጥ ገብቷል። «ዘንድሮ ሰው ትልቁ አይደለም ሲሉት እየዘለለ ቤቱ ይሄዳል» አለች። «እኛ ጋ የሚመጣው ሲመሽበት ነው።» ከዚያ ቅጹን እያየች ጠየቀችኝ።

«የዘንድሮውን ክትባት ወስደዋል?»

«አልወሰደም።»

«ስለ ክትባቱ የነገራቸው ሰው አልነበረም?»

«ተጠይቋል» አልኩ።

ብዕሯን አነሳች፣ አየችኝ፣ ቀጠለች።

ኅዳር 12፣ ቅዳሜ

ወደ ክፍሉ አያስገቡም። ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ነኝ፤ ሁለት ቀን ሙሉ እዚሁ። ሥራ የለም፣ ጆሮ የለች፣ እጄ ላይ ይህ ደብተር ብቻ። ስለዚህ የማልጽፈውን ነገር እጽፈዋለሁ።

እማዬ ሐሞቷን ታምማ ነበር። ቀዶ ጥገና ፈራች። «ልተወው፣ እድናለሁ» አለች፤ አባዬም እሷ ያለችውን አለ። እኔ ግን አላስቀምጥም አልኩ። ሦስት ሳምንት ጨቀጨቅኋት። «ቀላል ነው፣ ሦስት ቀን ተኝተሽ ትወጪያለሽ» አልኳት፤ ሐኪም ይመስል። አባዬ ኮሪደሩ ላይ «እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ። «አባዬ፣ እመነኝ» አልኩት። አመነኝ። በአራተኛው ቀን ቁስሉ መርዝ ሆነባትና ሞተች።

ማንም አልወቀሰኝም። አባዬ አንድም ቀን። ቢወቅሰኝ ይሻል ነበር። ከዚያ ወዲህ ለማንም «እመነኝ» ብዬ አላውቅም። ይህን ሥራ ሳገኝ ሰው ሁሉ አሰልቺ ነው አለኝ፤ ለእኔ ግን እረፍት ነበር። መጠየቅ፣ መመዝገብ፣ ማለፍ።

ጉሮሮዬ ከማውራት አልነበረም። እሱንም ልጻፈው። ከቢሮው ይዤው መጣሁ፣ በብርጭቆ ሰጠሁት።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ኅዳር 13፣ እሑድ

አስጠሩኝ። ጋውን፣ ጓንት፣ ሁለት ማስክ፤ አሥር ደቂቃ። ሐኪሟ አልጋው ራስ ቆማለች። በጭምብል የሚሰጠው ኦክስጅን አልበቃውም፤ አስተኝተው ቱቦ ያስገባሉ፣ መሣሪያው ይተነፍስለታል። «ሊነቁ ይችላሉ፣ ላይነቁም ይችላሉ» አለች። «ካልገባ ግን እስከ ነገ አይደርሱም። አባባ፣ ይስማማሉ?»

አባዬ ጣቱን አነሳ። ወደኔ ጠቆመ።

ለሥራው ተጽፎ የተሰጠን መልስ ምላሴ ላይ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ እዚያ አልጋ አጠገብ ቆሜ የመጣልኝ ያ ዓረፍተ ነገር ነው። ዋጥኩት።

«አባዬ፣ ትተኛለህ» አልኩት። «ቱቦውን ያስገቡልሃል። እኔ ነኝ ያልኩህ።»

ወዲያው በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። አንድ ሰከንድ እንኳ አላሰበበትም።

ኅዳር 15

እንዳለ ነው።

ኅዳር 17

እንዳለ ነው። ጆሮ ደወለች፤ ቦታዬን ለሌላ ሰጥታለች። እሺ አልኳት።

ኅዳር 19

ትኩሳቱ ወረደ ተባለ። ወጣ። እንደገና ወረደ። ወንድሜ በየሰዓቱ ይደውላል፤ ሁለታችንም ሳናወራ ስልኩን ይዘን እንቆያለን።

ኅዳር 22፣ ማክሰኞ

ቱቦው ወጣ። በራሱ ይተነፍሳል። ነርሷ በመስኮት በኩል አሳየችኝ፤ ግማሽ ሆኗል። እጁን ማንሳት አልቻለም፣ ቅንድቡን አነሳልኝ። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ጥበቃው መጥቶ እስኪያነሳኝ ድረስ።

ታኅሣሥ 3፣ ቅዳሜ

ቤት ገባን። ልክ እንዳወረዱት በወንበር ተሸክመው አወጡት። የኦክስጅኑ ሲሊንደር አልጋው አጠገብ ቆሟል። ሐኪሟ አልዋሸችኝም፤ ከእንግዲህ በእግሩ ደረጃ አይወርድም። ከአልጋው እስከ መስኮቱ ስምንት እርምጃ ነው፤ ሁለት ጊዜ ያርፋል።

ታኅሣሥ 4፣ እሑድ

ዛሬ ጠዋት ፊቱን ሳጥብለት ነገርኩት። «ያመጣሁብህ እኔ ነኝ። ከቢሮ።»

«አውቃለሁ» አለ። «ስትስዪ እሰማሽ ነበር። ቀጭን ግድግዳ ነው።»

«ታዲያ ብርጭቆዬን ለምን ወሰድክ?»

«ስንት ብርጭቆ አለን ብለሽ ነው?» ሊስቅ ሞከረ፣ ትንፋሹ አጠረው። ፎጣውን ይዤ ጠበቅሁ። ከዚያ ሳላስበው አመለጠኝ፤ ቁጣ የሚመስል ነገር ነበረበት፤ በማን ላይ እንደሆነ እኔም አላውቅም።

«ያን ክትባት ግን ለምን አልወሰድክም አባዬ? እስከ አርብ ብዬህ ነበር።»

በአፍንጫው ያለው የኦክስጅን ቱቦ ሽሽ ይላል።

«መቼ ውሰድ አልሽኝ?» አለ። «ጠየቅሽኝ እንጂ።»

ፎጣውን መልሼ ውሃው ውስጥ ነከርኩት።

«እናትሽ አትጠይቀኝም ነበር። ተነስ፣ እንሂድ ነበር የምትለኝ። አንቺም ትይኛለሽ ብዬ ጠበቅኩሽ። አርብ ለት ኮቴን ለብሼ፣ ጫማዬን አስሬ፣ ከምሳ በኋላ እዚህ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሥራ ላይ ነሽ፣ ይቀዳል ብዬ አላንኳኳሁም። ሲመሽ አወለቅኩት።»

ፎጣውን ጨምቄ አሰጣሁት። አልጋውን አነጠፍኩ። ቁርሱን አቀረብኩለት፣ ግማሹን በላ።

ያን አርብ ከሰዓት ውሃ ልጠጣ ሁለት ጊዜ በሳሎኑ አልፌያለሁ። አንዴ እንዲያውም «ምነው፣ አውቶቡሶቹ ዛሬ ደህና ናቸው?» ብዬዋለሁ። ደህና ናቸው ብሎኛል። ኮቱን አላየሁም።